ካታቶኒያ ሲጠረጠር፦ ሎራዜፓም፣ የኤሌክትሪክ ሕክምና ወይስ ሌላ መድኃኒት?

ታማሚው ሆስፒታል ከገባ ሁለት ቀኑ ነው። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዓይኑ ተገልጧል፣ ሲጠሩት ግን አይዞርም። ማንኪያ ወደ አፉ ሲቀርብ ጥርሱን ይነክሳል፤ እንደምንም ቢገባለት ምግቡን ሳያኝክም ሳይውጥም አፉ ውስጥ እንደያዘ ይቀራል። ካርዱ ላይ «አይተባበርም» ተብሎ ይጻፋል። አስታማሚው «እልህ ይዞት ነው» ይላል። ማታ ላይ ሃሎፔሪዶል የተባለው ፀረ ሳይኮሲስ (መቃዠትንና ከእውነታ መራቅን የሚያክም) መድኃኒት ይታዘዛል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከሁሉ በላይ ለዚያ የማታ ትእዛዝ ስል ነው። እንዲህ ያለ ታማሚ ሲያጋጥም መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ካታቶኒያ ነው፤ የሰው እንቅስቃሴ፣ ንግግርና ለሌሎች የሚሰጠው መልስ የሚዛባበት ሁኔታ ማለት ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በሥነ አእምሮ ሕክምና ውስጥ ፈጣን መልስ ከሚሰጡ ችግሮች አንዱ ነው፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ። ከተረሳ ወይም በተሳሳተ መድኃኒት ከተያዘ ደግሞ ሰው ይገድላል። ጽሑፉ በዋናነት ለጀማሪ ሐኪሞችና ለሥነ አእምሮ ነርሶች ነው። ቤተሰብም ቢያነበው ይጠቅመዋል፤ የመድኃኒት መጠኖቹን ግን ማንም ቤቱ ውስጥ እንዳይሞክራቸው አደራ።

መጀመሪያ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» የሚለውን ልማድ እንተው

ካታቶኒያን በ1874 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስም ሰጥቶ በዝርዝር የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ካልባውም ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤሚል ክሬፕሊን ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ የምንለው ሕመም ውስጥ ጠቅልሎ አስገባው፣ ያ አስተሳሰብም አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆየ። ጣጣው ቀላል አልነበረም። ዝም ያለና የደነዘዘ ሰው ሁሉ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ተባለ፣ በዚያው መንገድም ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ተሰጠው።

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ፣ ዲኤስኤም-5፣ ካታቶኒያን ከተለያዩ ሕመሞች ጋር ሊመጣ የሚችል አድርጎ አስቀምጦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መመደቢያ አይሲዲ-11 ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። አጣዳፊ ሕመም ይዟቸው ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ከሚገቡ 10 ታማሚዎች አንዱ ገደማ ላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ከባይፖላርና ከከባድ ድብርት ጋር ይመጣል። የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የሰውነት መከላከያ አንጎልን ሲያጠቃ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት መድከም፣ መድኃኒት በድንገት ማቆም ያመጡታል። ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ላይም ይከሰታል፤ እዚያ ግን ቀስ በቀስ ስለሚመጣ «ጠባዩ ተቀየረ» ተብሎ ይታለፋል።

ዓይን ብቻ አይበቃም፣ እጅ ያስፈልጋል

ዲኤስኤም-5 12 ምልክቶችን ይዘረዝራል፣ 3ቱ ከተገኙ ካታቶኒያ ይባላል። መደንዘዝ፣ አለመናገር፣ ሌሎች ያስቀመጡትን የሰውነት ቅርጽ ይዞ መቆየት፣ ክንድ ሲታጠፍ እንደ ሰም እየለመጠ መሄድ፣ የሚባለውን ያለ ምክንያት መቃወም ወይም ምንም መልስ አለመስጠት፣ ራስ በራስ አስቸጋሪ አቋም ይዞ መቆም፣ የተጋነነ እንግዳ አኳኋን፣ ዓላማ የሌለው እንቅስቃሴ መደጋገም፣ ከውጭ ነገር ጋር ያልተያያዘ መቅበጥበጥ፣ ፊት ማጨማደድ፣ የሰሙትን ቃል መድገም፣ ያዩትን እንቅስቃሴ መድገም። ሁሉም ታማሚ አይደነዝዝም። እየሮጠ፣ እየጮኸ፣ አንድ ቃል ሺህ ጊዜ እየደጋገመ የሚመጣም አለ፤ ይሄኛው ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት መጨመር) ተብሎ የሚያልፍ ስለሆነ እኔ ይበልጥ የምፈራው እሱን ነው።

ብዙዎቹ ምልክቶች ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታዩም። አልጋው ጋ ቅረቡ። እጃችሁን ለሰላምታ ዘርጉና በዚያው ቅጽበት «እጄን እንዳትጨብጠኝ» በሉት። ጤነኛ ሰው ግር ይለውና እጁን ይመልሳል ወይም ይስቃል። የካታቶኒያ ታማሚ እጁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል፤ ሁለቱን ትእዛዝ ማስታረቅ አቅቶት እዚያው ሲንጠለጠል ታዩታላችሁ። ቀጥሎ ክንዱን አጥፋችሁ ዘርጉ፣ አንዴ በቀስታ አንዴ በፍጥነት። በገፋችሁ ልክ የሚገፋ ተቃውሞ አለ ወይ? ከዚያ «ክንድህን እንዳታነሳ» ብላችሁ በአንድ ጣት ብቻ ከሥር ንኩት። ክንዱ ያለ ምንም ክብደት ከጣታችሁ ጋር ወደ ላይ ከመጣ ምልክት ነው። ትራሱን ብታወጡትና ጭንቅላቱ አየር ላይ እንዳለ ቢቀር፣ ያም ሌላ ምልክት ነው። ራሳችሁን እያከካችሁ ተቀመጡ፣ ይኮርጃችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

መዝገብ ላይ ለማስፈር ከ1996 ጀምሮ የምንጠቀምበት የቡሽ-ፍራንሲስ መለኪያ አለ። 23 ነጥቦች አሉት፣ የመጀመሪያዎቹ 14 ለማጣሪያ ናቸው፣ ከእነሱ 2 ከተገኙ ጥርጣሬው ይጸናል። ቁጥሩን በየቀኑ ጻፉት። «ዛሬ ሻል ብሎታል» የሚል ማስታወሻ ለማታው ተረኛ ምንም አይነግረውም፤ «ትናንት 22 ነበር፣ ዛሬ 9 ነው» የሚለው ግን ብዙ ይናገራል።

ሌላም ነገር። ዝም ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል። ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላ አልጋው አጠገብ የተባለውን ይደግሙላችኋል፣ በዚያ ሰዓት የነበረባቸውንም ከባድ ፍርሃት ይናገራሉ። ስለዚህ እሱ ፊት እሱን እንደሌለ ቆጥራችሁ አታውሩ። የምታደርጉትን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከሚመስሉት ጋር ስናነጻጽረው

ዋናው ግራ የሚያጋባው ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት የሚያመጣው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም ነው፣ በአጭሩ ኤንኤምኤስ። ትኩሳት፣ የሰውነት መገተር፣ የልብ ምት መጨመር፣ የደም ግፊት መዋዠቅ፣ የንቃት መቀነስ። ደም ሲመረመር ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም በጣም ይጨምራል፣ አይረን (በደም ውስጥ ያለው ብረት) ይወርዳል። ከአደገኛው የካታቶኒያ ዓይነት ጋር በዓይን መለየት አንዳንዴ አይቻልም፤ የሚለየው ታማሚው በቅርቡ የዶፓሚን ማገጃ መድኃኒት (በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን ዶፓሚን የሚያግድ፣ እንደ ፀረ ሳይኮሲስ ያለ) መውሰድ አለመውሰዱ ነው። ደስ የሚለው የመጀመሪያው እርምጃ ለሁለቱም አንድ መሆኑ ነው፦ ፀረ ሳይኮሲሱን አሁኑኑ ማቆም፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ሰውነትን ማቀዝቀዝ፣ ሎራዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት መጀመር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሳወቅ።

አንዳንድ መድኃኒቶች (እንደ ፀረ ድብርት ያሉ) በሚያመጡት ሴሮቶኒን ሲንድሮም ላይ ተቅማጥ፣ የሰፋ የዓይን ብሌንና የሚንቀጠቀጥ እግር ታያላችሁ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲገፋ ደጋግሞ ይመታል። የፓርኪንሰን ታማሚ ይንቀጠቀጣል፣ ግን መተባበር ይፈልጋል፤ እንግዳ አቋምና ቃል መድገም የለበትም። ዲሊሪየም (በአካል ሕመም ድንገት የሚመጣ ግራ መጋባት) ቀንና ሌሊት ይዋዥቃል፣ ትኩረቱ ይበተናል። ሆኖም ዲሊሪየምና ካታቶኒያ አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ አንዱ ስለተገኘ ሌላው የለም አይባልም።

ሳያንዘፈዝፍ የሚቆይ የሚጥል በሽታም አለ። ታማሚው ፈዞ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ወይም አፉን በትንሹ ያርገበግባል፣ ሎራዜፓም ሲሰጠውም ይሻለዋል! ስለዚህ «ለሎራዜፓም መልስ ሰጠ፣ በቃ ካታቶኒያ ነው» ማለት አያዋጣም። ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ካለ ይሠራለት፣ በተለይ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበት ሰው ከሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሥነ አእምሮ ታሪክ የሌላት ወጣት ሴት በጥቂት ቀናት ውስጥ መቃዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የአፍና የፊት እንግዳ እንቅስቃሴ፣ የሚጥል ሕመምና ካታቶኒያ ካሳየች የሰውነት መከላከያ ኤንኤምዲኤ በሚባለው የአንጎል ተቀባይ ላይ ሲነሳ የሚመጣውን የአንጎል ብግነት አስቡ። በ2007 ነው ተለይቶ የታወቀው። አንዳንዶቹ ሴቶች ላይ ምንጩ የእንቁላል ማምረቻ ላይ ያለ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ነው፣ ዕጢው ሲወጣ ይሻላቸዋል። እነዚህ ታማሚዎች በፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት በጣም ይጎዳሉ። የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ፣ ኤምአርአይና የነርቭ ሐኪም ያስፈልጋቸዋል።

የመድኃኒት ታሪክ ሳትጠይቁ አትለፉ። ለወራት የወሰደውን ዳያዚፓም (የሎራዜፓም ዘመድ ማረጋጊያ) ወይም ክሎዛፒን (ፀረ ሳይኮሲስ) በድንገት ያቆመ ሰው ካታቶኒያ ሊይዘው ይችላል። አስታማሚውን «ምን ጀመረ?» ብቻ ሳይሆን «ምን አቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሎራዜፓም ሙከራ

ምርመራም ሕክምናም ነው። መጀመሪያ መለኪያውን ሞልታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ሎራዜፓም ስጡ። በደም ሥር ከሆነ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ በጡንቻ ከሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ በአፍ ከሆነ ከ30 ደቂቃ በኋላ ያንኑ መለኪያ እንደገና ሙሉ። ለውጥ ከሌለ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ስጡ። ቁጥሩ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ጥሩ መልስ ነው።

ሲሠራ ያየ ሰው አይረሳውም። የጨበጠው እጅ ይላላል፣ ዓይኑ ሰው መከተል ይጀምራል፣ ከዚያ «ውኃ» ይላል። ቤተሰቡ ያለቅሳል። እናንተ ግን እዚያው ቁሙና ያላችሁን ደቂቃ ተጠቀሙበት፦ ውኃና ምግብ ስጡት፣ ምን ዓይነት ስሜት እንዳለውና በጆሮው የሚሰማው ድምፅ ካለ ጠይቁት። የአንድ መጠን ውጤት ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሊያልፍና ተመልሶ ዝም ሊል ይችላል። ለቤተሰቡ ይህንን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ።

ሙከራው አልሠራም ማለት ካታቶኒያ አይደለም ማለት አይደለም። ዘግይቶ፣ ከቀናት በኋላ መልስ የሚሰጥ አለ።

አሁን ምርጫው

*ሎራዜፓም።* ለአብዛኛው ታማሚ መጀመሪያ የምመርጠው ይሄ ነው። በቀን 3 ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይጀመርና ቁጥሩ እየታየ ይጨመራል። ብዙ ሰው በቀን ከ6 እስከ 8 ሚሊግራም አካባቢ ይሻለዋል፣ እስከ 24 የሚደርስም አለ። ብዙ ሐኪም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በቀን 2 ሚሊግራም ሰጥቶ፣ ሁለት ቀን ጠብቆ፣ «ሞከርነው አልሠራም» ብሎ ያቆማል። ያ መሞከር አይባልም። የካታቶኒያ ታማሚ ሌላውን ሰው ድብን አድርጎ የሚያስተኛ መጠን ወስዶ ነቅቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ መጠኑ በዝቷል የሚባለው እንቅልፉና አተነፋፈሱ ታይቶ ነው። ጥሩ ጎኑ በአጠቃላይ ከ10 ታማሚዎች 6 እስከ 8ቱን መርዳቱ፣ ቶሎ መሥራቱና በየትኛውም ዋርድ ሊሰጥ መቻሉ ነው። ደካማ ጎኑ ለረጅም ዓመት የቆየ ስኪዞፍሬኒያ ላይ የሚመጣ ካታቶኒያ እምብዛም አይሰማውም። የሳንባ ሕመም፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ፣ አልኮል ወይም ኦፒዮይድ ያለበት ሰው ላይ በጥንቃቄ፣ ኦክስጅን እየተለካ።

ሎራዜፓም ከሌለስ? በመርፌ የሚሰጠው ፍሪጅ ይፈልጋልና ሁልጊዜ አይገኝም። ዳያዚፓም ይተካዋል፣ 1 ሚሊግራም ሎራዜፓም ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ዳያዚፓም ጋር ይቀራረባል። በጡንቻ ግን አትስጡት፣ ወደ ደም የሚገባው ወጥ በሆነ መንገድ አይደለም። በአፍ ወይም በደም ሥር በቀስታ ይሁን። ዞልፒደም 10 ሚሊግራም በአፍ ለሙከራ የሚጠቀሙም አሉ፣ ውጤቱ ግን አጭር ነው።

*የኤሌክትሪክ ሕክምና፣ ኢሲቲ።* ካሉት ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። ከ10 ታማሚዎች 8 እና ከዚያ በላይ መልስ እንደሚሰጡ ተደጋግሞ ታይቷል፣ ሎራዜፓም ያልሠራላቸውንም ጨምሮ። ታሪኩ ራሱ ከካታቶኒያ ነው የሚነሳው፦ በ1934 ቡዳፔስት ውስጥ ሐኪሙ ላዲስላስ ሜዱና በካምፎር መርፌ ሆን ብሎ የሚጥል ሕመም ያስነሳበት የመጀመሪያው ታማሚ ካታቶኒያ ያለበት ነበር። በ1938 ሮም ላይ ጣሊያናውያኑ ሐኪሞች ቸርለቲና ቢኒ የሚጥል ሕመሙን በኤሌክትሪክ ማስነሳት ጀመሩ። የዛሬው ሕክምና ሰዎች በፊልም ያዩትን አይመስልም። ታማሚው በማደንዘዣ ይተኛል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አንጎል ላይ የሚነሳው መንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይቆያል፣ ከዚያ ይነቃል። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ባጠቃላይ ከ6 እስከ 12 ጊዜ የተለመደ ነው። ራስ ምታትና በዚያ ሰሞን የነበሩ ነገሮችን መርሳት ያመጣል፤ ይህን ለቤተሰብ ሳትደብቁ ንገሩ።

ለማደንዘዣ ባለሙያው የግድ መነገር ያለበት ነገር አለ። ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የተኛ ወይም ጡንቻው የተጎዳ ታማሚ ሳክሲኒልኮሊን የተባለው ጡንቻ አላይ መድኃኒት ሲሰጠው የደሙ ፖታሺየም በድንገት ወጥቶ ልቡ ሊቆም ይችላል። ሌላ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይመረጥ። ሎራዜፓም እየወሰደ ያለ ሰው ላይ ደግሞ መንዘፍዘፉ በቀላሉ ላይነሳ ይችላል፤ የማለዳውን መጠን ማዘግየት ወይም ከሕክምናው በፊት የሎራዜፓምን ሥራ የሚያረክሰውን ፍሉማዜኒል መስጠት መፍትሔ ነው።

ታዲያ መቼ ነው ከሎራዜፓም ወደ ኢሲቲ የሚታለፈው? ትኩሳት ያለው፣ የልብ ምቱ የጨመረ፣ ግፊቱ የሚዋዥቅ፣ የተገተረ ታማሚ ላይ ሎራዜፓም እየሰጣችሁ በዚያው ቀን ኢሲቲ አዘጋጁ። እንዲህ ባለ ሁኔታ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ሊሰጥ ይችላል። ትኩሳት ከሌለውና ምግብ የሚወስድ ከሆነ በቂ መጠን ላይ ሎራዜፓምን 2 ወይም 3 ቀን ሞክሩ፣ ቁጥሩ ካልወረደ አትጠብቁ። ምግብና ውኃ ጨርሶ እምቢ ያለ፣ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ባለፈው ጊዜ በኢሲቲ የዳነ ሰው ላይ እኔ ቀድሜ ወደ ኢሲቲ አዘነብላለሁ። ኢሲቲን «የመጨረሻ አማራጭ» የማድረግ ልማድ ታማሚዎችን ለሳምንታት አልጋ ላይ ያስቀራቸዋል፣ ደማቸው እስኪረጋ።

*አማንታዲንና ሜማንቲን።* በአንጎል ውስጥ ግሉታሜት በሚባለው መልእክት አስተላላፊ መንገድ ላይ ይሠራሉ። ሎራዜፓም በከፊል ብቻ ሲሠራና ኢሲቲ በአካባቢው በሌለበት የምደርስባቸው ናቸው። ሜማንቲን በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ይሰጣል። አማንታዲን መቃዠትን ሊያብስ ስለሚችል ሳይኮሲስ ያለበት ሰው ላይ ሜማንቲንን እመርጣለሁ። መረጃው ከሌሎቹ ሲነጻጸር ቀጭን ነው፣ የተሰበሰበው በአብዛኛው ከነጠላ ታማሚዎች ታሪክ ነው።

*ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት።* ካታቶኒያው ገና ሳይፈታ አትጀምሩ። በተለይ ሃሎፔሪዶልንና ሌሎቹን ጠንካራ ዶፓሚን አጋጆች። ምልክቱን ያብሳሉ፣ ወደ ኤንኤምኤስም ሊገፉት ይችላሉ፤ ውኃ የጠማውና አይረኑ የወረደ ታማሚ ላይ አደጋው ይበልጣል። ማቅለሽለሽ ላይ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ዶፓሚን ያግዳል፣ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ሥር ያለው ሕመም ስኪዞፍሬኒያ ሆኖ መድኃኒቱ የግድ ካስፈለገ መጀመሪያ ሎራዜፓም ይግባ፣ ሲኬና አይረን ይታይ፣ ከዚያ እንደ አሪፒፕራዞል ወይም ኦላንዛፒን ያለ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ ይበል። ክሎዛፒን አቋርጦ ካታቶኒያ ለያዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔው ክሎዛፒኑን በጥንቃቄ ከዝቅተኛ መጠን መመለስ ነው።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ሰውየው እንዳይሞት

የካታቶኒያ ታማሚ የሚሞተው ባብዛኛው ከአለመንቀሳቀሱ በሚመጡ ነገሮች ነው። እግሩ ላይ ደም ይረጋና ወደ ሳንባው ይሄዳል፤ ስለዚህ ደም መርጋት የሚከላከለው የሄፓሪን ዓይነት መድኃኒት መከልከያ ከሌለ ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብ። በየ2 ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት። መገጣጠሚያዎቹን አንቀሳቅሱለት። ሽንቱ ታግዶ ፊኛው ተወጥሮ እንደሆነ ሆዱን ነካ አድርጉ፣ እሱ አይነግራችሁም። በግድ ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ካልበላ በአፍንጫ ቱቦ ይመገብ፤ ለቀናት የጾመ ሰው ሲመገብ ግን ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዚየም ሊያሽቆለቁሉ ስለሚችሉ በትንሹ ይጀመር፣ ግሉኮስ ከመግባቱ በፊትም ቲያሚን ይሰጠው።

ቤተሰብ የሚረዳበት ትልቁ መንገድ መረጃ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ያኔ ምን አዳነው? ካታቶኒያ ተመልሶ የመምጣት ልማድ አለው፣ ያለፈው መልስ ደግሞ የዛሬውን ምርጫ ያሳጥራል።

ሲሻለው ሎራዜፓሙን በአንድ ጊዜ አታቁሙ። ሥር ያለው ሕመም፣ ድብርትም ይሁን ባይፖላር፣ ሕክምናው ተጀምሮ ሥራ ሲይዝ በየጥቂት ቀናቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ ውረዱ። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይጨርሳል፣ አንዳንዱ ለወራት ትንሽ መጠን ላይ ይቆያል። በየቅነሳው መለኪያውን ሙሉ። የመጀመሪያው የመመለሻ ምልክት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ ማንኪያ ይዞ አየር ላይ መቆም፣ በር ላይ ሲደርስ ለመግባት ማመንታት፣ የጥያቄ መልስ መዘግየት። እሱን ካያችሁ ደህና ወደነበረበት የመጨረሻው መጠን ተመለሱ።